ምድር ማንቀጥቀጥ ቤዝ መጫወት አይደለም

ከገዳሪፍ እስከ ዶካ፣ ከዶካ እስከ ገላባት፣ ድንበሩንም ተሻግሮ እስከ መተማ ዮሐንስ ባለው ምድር ሰርግ ያለ ሙዚቃ፣ ሙዚቃም ያለ ስፒከር ክምር አይታሰብም። ክምሩ ከፍ ባለ ቁጥር የባንዱ ክብር ከፍ ይላል። ወፍራሙ ድምፅ ደረት ሲመታና በጠረጴዛ ላይ ያለውን ብርጭቆ ሲያንቀጠቅጥ «ዛሬስ ቤዙ ጉድ ነው!» ይባላል። ይህን የሚለው ታዳሚው ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ታዳሚ ሊደሰት የመጣ እንግዳ ነውና በፍርዱ አይወቀስም። የሚያስቆጨው የባንድ መሪዎች፣ የድምፅ ሠራተኞች፣ ከሁሉም በላይ ራሳቸው ቤዝ ተጫዋቾች ይህንኑ አባባል የሙያ መመዘኛ አድርገው መያዛቸው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መመዘኛውን መሞገት ነው። ክርክሩ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ቤዝ ጊታር የሚደመጠው በጉልበቱ ሳይሆን በጥራቱ ነው። ጉልበቱን እያበዛን ጥራቱን ስንገድል የምናጣው የጆሮ ምቾት ብቻ አይደለም፤ ቅኝታችንን፣ ምታችንን፣ በመጨረሻም የቤዝ ተጫዋቹን እንጀራ ጭምር ነው።

«ይህ የአዲስ አበባና የካርቱም ሙዚቀኞች ጉዳይ ነው፤ ከገዳሪፍ ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋም። እንዲያውም ጉዳዩ ከሁሉ ይልቅ የሚመለከተው ይህን አካባቢ ነው። ገዳሪፍ የማሽላና የሰሊጥ አገር ናት። በአዝመራ ጊዜ ከኢትዮጵያ ወገን የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ከጦርነትና ከድርቅ ሸሽቶ የገባው ስደተኛ፣ ኅዳር 2020 በትግራይ በተነሳው ጦርነት ወደ ኡም ራኩባና ወደ ቱናይድባ መጠለያዎች የፈለሰው ሕዝብ፣ ሁሉም ዘፈኑን ይዞ ነው የመጣው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የአገሩ ተወላጅ ደግሞ የመሐመድ ዋርዲንና የሰይድ ኸሊፋን ዜማ ይዞ ይጠብቀዋል። እነዚህ ዜማዎች ለኢትዮጵያዊው ጆሮ ባዕድ አይደሉም፤ ዋርዲ በስደት ሳለ በ1994 አዲስ አበባ ላይ ሲዘፍን የተቀበለው ሕዝብ ለዚህ ምስክር ነው። ከሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ወዲህ ደግሞ ከካርቱም የተፈናቀሉ ብዙዎች ገዳሪፍን መጠጊያ ሲያደርጉ፣ ሌሎች በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻግረዋል። እንግዲህ በዚህ ምድር ለሰርግ የቆመ ባንድ በአንድ ሌሊት የሁለት አገር ዜማ ማድረስ ግድ ይለዋል። ሁለቱን ዜማዎች ከሥር ተሸክሞ የሚያሻግረው ደግሞ ቤዝ ጊታር ነው።

አሁን ወደ ነገሩ ሥር እንግባ። የባለ አራት ክሩ ቤዝ ጊታር ወፍራም ክር፣ ማለትም «ሚ»፣ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ቀጥሎ ያለው «ፋ» ደግሞ 44 ጊዜ ያህል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሦስት እንኳ አይሞላም። አምባሰልን ከሚ ተነስተን ስንመታ እርከኖቹ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ናቸው። የአምባሰል ሐዘንና ክብደት ያለው በመጀመሪያዎቹ ሁለት እርከኖች መካከል ባለችው በዚያች የግማሽ ድምፅ ርቀት ነው። ከቤዙ የሚወጣው የታችኛው ጉርምርምታ ብቻ ከሆነ ሚ የቱ፣ ፋ የቱ እንደሆነ በጫጫታ መካከል የሚለይ ጆሮ የለም። ነገር ግን አንድ ክር ሲመታ የሚወጣው አንድ ድምፅ ብቻ አይደለም። በላዩ ላይ እየተደረቡ የሚወጡ ቀጫጭን ድምፆች አሉ፤ ባለሙያዎች ሃርሞኒክስ ይሏቸዋል። በአራተኛው ድርብ ላይ ሚ 165፣ ፋ 175 ገደማ ይደርሳሉ፤ ልዩነታቸውም ወደ አሥር ያድጋል። ወደ ላይ በሄድን ቁጥር ልዩነቱ እየሰፋ ይሄዳል። ስለዚህ ጆሮ የቤዝን ቅኝት የሚለየው በአብዛኛው ከመሃል ባለው ድምፅ እንጂ ከሥረኛው አይደለም።

ታዲያ እኛ የምናደርገው ምንድን ነው? በኢኳላይዘሩ ላይ ወፍራሙንና ቀጭኑን ወደ ላይ ገፍተን መሃሉን ወደ ታች እንደፍቃለን፤ ማንሸራተቻዎቹም የፈገግታ ቅርጽ ይይዛሉ። ይህ ፈገግታ አታላይ ነው። ሙዚቀኛው በክፍሉ ብቻውን ሆኖ ሲመታ ድምፁ ያምራል፣ ይጥማል። ከድራም፣ ከኪቦርድና ከሳክስፎን ጋር መድረክ ላይ ሲወጣ ግን ቤዙ ይሰወራል። ተጫዋቹ «አልሰማም» ብሎ ይጨምራል፤ ድራም ተጫዋቹ በኃይል ይመታል፤ ድምፃዊው ይጮኻል፤ የድምፅ ሠራተኛውም ዋናውን ማዞሪያ እስከ ጥግ ይወስደዋል። ያን ጊዜ ሁሉም ይጮኻል፣ ማንም አይደመጥም።

አብዛኛው የሱዳን ዘፈን እንደ ሜጀር ትዝታችን በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ የሚሄድ በመሆኑና የግማሽ ድምፅ ርቀት ስለሌለው ይህን በደል በመጠኑ ይታገሣል። አምባሰልና አንቺ ሆዬ ግን አይታገሡም። ለዋርዲ ዘፈን «ደህና ነው» የተባለው አቀማመጥ ባንዱ ወደ አንቺ ሆዬ ሲዞር የገዳሪፍ ጥቁር አፈር ክረምት ሲመታው የሚሆነውን ይሆናል፤ እግር ይይዛል እንጂ አያራምድም። «የኢትዮጵያ ዘፈን በኛ ባንድ አይነሳልንም» የሚሉ ሙዚቀኞች ጥፋቱን በዘፈኑ ላይ ከመጣላቸው በፊት እጃቸውን ወደ መሃለኛው ማዞሪያ ቢልኩ ይበጃቸዋል።

ይህ የፈረንጅ ጥበብ ነው የሚል ካለ በገናን ይመልከት። በገና አሥር ክር ያለው፣ ድምፁ ወፍራም የሆነ የአባቶቻችን መሣሪያ ነው። ክሮቹ በድልድዩ ላይ በሚያርፉበት ቦታ እንዚራ የሚባሉ ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች ይገባሉ። ክሩ በቆዳው ላይ እየተርገበገበ ያንን የታወቀውን ንዝር ድምፅ ይሰጣል። የእንዚራ ሥራ በወፍራሙ ድምፅ ላይ ቀጫጭን ድምፆችን መደረብ ነው። በገና ያለ አምፕሊፋየር በአንድ ክፍል ሙሉ ሰው የሚሰማው በዚህ ነው። አባቶቻችን ወፍራም ድምፅ ብቻውን ሩቅ እንደማይሄድ ያውቁ ነበር። እኛ ግን በኤሌክትሪክ ኃይል ሰክረን ረሳነው። ሌላም ምስክር አለ። በ1940 ሥራ የጀመረው የኦምዱርማን ሬዲዮ የሱዳንን ዘፈን ለድንበሩ ሕዝብ ያደረሰው መዳፍ በምታህል ስፒከር ነው። ያቺ ስፒከር 41 ኸርዝ የማውጣት አቅም የላትም። ሆኖም ሰሚው የቤዙን መንገድ ይከተል ነበር፤ ጆሮ ከቀጫጭኖቹ ድምፆች ተነስቶ የጎደለውን ወፍራም ራሱ ይሞላዋልና።

ቀጥሎ የሚመጣው የዋት አምልኮ ነው። «የነእገሌ አምፕሊፋየር 500 ዋት ነው፤ የኛ 200 ስለሆነ አንችላቸውም» ሲባል እንሰማለን። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ ኃይልን እጥፍ ማድረግ የሚጨምረው ሦስት ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህም ጆሮ «ጥቂት ጨመረ» የሚለው ያህል ነው። ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ከተፈለገ አሥር ዴሲቤል ገደማ፣ ማለትም አሥር እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። በሌላ በኩል ከአንዱ ስፒከር ሦስት ዴሲቤል ብልጫ ያለው ሌላ ስፒከር መምረጥ አምፕሊፋየሩን እጥፍ ከማድረግ እኩል ነው፤ ወጪው ግን እጅግ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ገንዘቡን በዋት ላይ የሚያፈስ ተጫዋች የበቅሎዋን ኮርቻ በወርቅ እያስጌጠ ገብስ የሚነፍጋትን ባለቤት ይመስላል።

ታላላቆቹም የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው። የሞታውን ቤዝ ተጫዋች ጄምስ ጄመርሰን በክለቦች ይጫወትበት የነበረው አምፔግ ቢ-15 ኃይሉ 30 ዋት ገደማ፣ ስፒከሩም አንድ ባለ 15 ኢንች ነበር። ክሮቹ ለስላሳ ጠፍጣፋ ጥቅል ነበሩ፤ ካልተበጠሱ አይለውጣቸውም። ይመታ የነበረውም በአንድ ጣት ነው። የዘመኑ ጆሮ ግን እስከ ዛሬ ይከተለዋል። ያው አምፔግ በ1969 ያወጣው ባለ 300 ዋቱ ኤስ.ቪ.ቲ. የተሠራው ለታላላቅ አዳራሽና ለስታዲየም ነው፤ ሮሊንግ ስቶንስም በዚያው ዓመት ጉዟቸው ይዘውት ዞረዋል። ለሁለት መቶ ሰው ሰርግ አልነበረም። በቤታችንም ጆቫኒ ሪኮ ከአይቤክስ ባንድ ጋር፣ መላከ ገብሬ ከዋልያስ ባንድ ጋር የተዉልንን እናድምጥ። በ1975 የወጣው የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» ወይም በ1977 የወጣው የዋልያስ «ቸ በለው» ሲከፈት ወለሉ አይንቀጠቀጥም። እያንዳንዱ የቤዝ እርምጃ ግን ይቆጠራል። የስድስት ስምንተኛው ምት ወገብ የሚያዞረው ቤዙ የሚጀምርበትም የሚያቆምበትም ቦታ ስለሚታወቅ ነው። ድምፁ ሳይቆም እየተጎተተ ከቀጣዩ ጋር ከተለወሰ ጭፈራው እግሩን ያጣል። ይህን ለማስተካከል የሚያስፈልገው ዕቃ ከድልድዩ አጠገብ በክሮቹ ሥር የሚገባ ቁራጭ ስፖንጅ ነው፤ ዋጋው ከአንድ ሻይ አይበልጥም።

የገዳሪፍ መድረክ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። የውጭ አገር መጻሕፍት የሚጽፉት ግድግዳና ጣሪያ ስላለው ክለብ ነው፤ እዚያ ወፍራሙ ድምፅ ከግድግዳ እየተመለሰ ይጨምራል። የኛ ሐፍላ ግን በግቢ ወይም በመንገድ ላይ፣ ሲዋን በሚባለው ድንኳን ሥር ነው። የሚመልስ ግድግዳ ስለሌለ ወፍራሙ ድምፅ ወደ ሜዳ ይበተናል፤ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥርም ስድስት ዴሲቤል ይቀንሳል። ከስፒከሩ ፊት ያለው እንግዳ ጆሮውን ሲይዝ በስተኋላ ያሉ እናቶች ዜማውን የሚያጡት በዚህ ነው። መድኃኒቱ ማዞሪያውን መግፋት አይደለም። የወፍራሙን ድምፅ ሳጥኖች ግራና ቀኝ ከመበተን መሬት ላይ ጎን ለጎን ማቆም፣ የግቢ አጥር ወይም ግንብ ካለ ጀርባቸውን ማስጠጋት ብቻውን ያለ ምንም ወጪ ድምፅ ይጨምራል። የተጫዋቹ የራሱ ስፒከር ግን ወደ ጆሮው ቀና ማለት አለበት፤ ቁርጭምጭሚቱን እያጫወተ ራሱ የማይሰማ ሰው መጨመሩ አይቀርምና።

የአቀማመጡ ሥርዓትም አጭር ነው። ተጫዋቹ በመጀመሪያ የጊታሩን የድምፅ ማዞሪያ ይክፈት፤ በአምፕሊፋየሩ ላይ የወፍራሙን፣ የመሃሉንና የቀጭኑን ማዞሪያዎች እኩል መሃል ላይ ያቁም። በሌሊቱ ሊመታ በሚችለው ከፍተኛ ኃይል እየመታ የመግቢያውን ማዞሪያ ቀይ መብራቱ ብልጭ እስኪል ይክፈትና ጥቂት ይመልስ። ከዚያ በኋላ መጨመር ሳይሆን መቀነስ ይቅደም። ድምፁ ከታፈነ በ250 ኸርዝ አካባቢ ጥቂት ያንሳለት፤ ካልተለየ ደግሞ ከ500 እስከ 800 ባለው ላይ ጥቂት ይጨምርለት። ከ40 ኸርዝ በታች ያለውን የሚቆርጥ ማጣሪያ ካለ ይጠቀምበት። እዚያ ያለው አምፕሊፋየርን የሚያደክም፣ ስፒከርን የሚያቃጥል ድካም ነው እንጂ ዜማ አይደለም። የድምፅ ሠራተኛውም በሚክሰሩ ላይ የድምፃውያኑን ማይክራፎን የታች ድምፅ መቁረጫ ይጫን። የቤዙ ጉርምርምታ በአምስት ማይክራፎን ተመልሶ ሲገባ ጭቃው አምስት እጥፍ ነው።

አንድ ጉዳይ ግን ከቃና በላይ ነው፤ የሕይወት ጉዳይ ነው። ገዳሪፍ ከጎንደር በሸኸዲ በኩል በተዘረጋው የ230 ኪሎ ቮልት መስመር ከኢትዮጵያ ጋር ብትገናኝም፣ የሰርግ ሙዚቃ ብዙ ጊዜ የሚቆመው በጄነሬተር ነው። ጄነሬተሩ ሲያጉረመርም ስፒከሩም ያጉረመርማል። ያን ጊዜ «መላ አለኝ» ባዩ ተነስቶ የሶኬቱን የመሬት ሽቦ ይቆርጣል። ጉርምርምታው ሊጠፋ ይችላል፤ ነገር ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በጊታሩ ክርና በማይክራፎኑ መካከል ሞት ቆሟል። በ1972 ስኮትላንዳዊው ጊታሪስት ሌስሊ ሃርቪ መድረክ ላይ ሕይወቱ ያለፈው መሬት ያልተያያዘ ማይክራፎን ነክቶ ነው። የመሬት ሽቦ መቁረጥ ብልሃት ሳይሆን ወንጀል ነው ብለን ልንነጋገር ይገባል። ጉርምርምታን የሚያስወግድ ዲ.አይ. ቦክስ የሚባል ትንሽ ሳጥን አለ፤ የድምፁን መስመር መሬት ብቻ የሚለይ ቁልፍ አለው፤ የሰውን ሕይወት አይነካም። ለጊታር የተሠራውን ቀጭን ኬብል ከአምፕሊፋየር ወደ ስፒከር መሳብም እንዲሁ ይቅር፤ ይግላል፣ ይቀልጣል፣ አምፕሊፋየሩንም ይዞ ይሄዳል።

አሁን ወደ እንጀራው ጉዳይ እንምጣ። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ የአዲስ አበባን የሌሊት ሙዚቃ አቀጨጨው። በሱዳንም ከ1983ቱ የመስከረም ሕጎችና ከ1989ኙ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ሙዚቀኛው ተሳደደ፤ ዋርዲም ያን ዓመት ወጥቶ እስከ 2002 አልተመለሰም። ሁለቱ ባንዶች በተዳከሙበት ዘመን ኪቦርድ መጣ። የኪቦርዱ ግራ እጅ ቤዙን፣ የተቀዳው ምት ድራሙን ተካ። የባንድ መሪው ሒሳብ ግልጽ ነው፦ አንድ ሰው ሲቀነስ አንድ ድርሻ ይተርፋል። ይህን ሒሳብ በልመና መርታት አይቻልም። መርታት የሚቻለው ኪቦርዱ የማይሠራውን ሠርቶ በማሳየት ነው። የኪቦርድ ቤዝ መንቀጥቀጥ ይችልበታል፤ በዚህ ማንም አይወዳደረውም። ከድምፃዊው ትንፋሽ ጋር መዘግየት፣ በአምባሰል ከሚ ወደ ፋ ሲሸጋገር በጣት ማባበል፣ ጭፈራው ሲግል ምቱን ማሳጠር ግን የሰው እጅ ሥራ ነው። ቤዝ ተጫዋቹ ራሱ ይህን ሁሉ በጉርምርምታ ከሸፈነው በእርሱና በማሽኑ መካከል ያለውን ልዩነት በገዛ እጁ አጠፋው ማለት ነው። ልዩነቱ የማይሰማ ሰው ሲቀነስ ማን ያዝንለታል?

ሦስት መቃወሚያዎች እንደሚነሱ እናውቃለን። የመጀመሪያው «ሕዝቡ የሚወደው መንቀጥቀጡን ነው» የሚል ነው። ሕዝቡ የቀረበለትን ይወዳል። ከፊት ረድፍ የሚጨፍረውን ወጣት ብቻ አይቶ ከኋላ ረድፍ ተቀምጣ ዘፈኑን ያጣችውን እናት አለመቁጠር ሕዝብን ማክበር አይደለም። ሁለተኛው «ዕቃ የለንም» የሚል ነው። የፖርት ሱዳኑ ኑሪ ታምቡራንና ኤሌክትሪክ ጊታርን አዋህዶ የሠራውን መሣሪያ ይዞ ከዶርፓ ባንድ ጋር የቤጃን ዜማ በ2022 በወጣ አልበም ለዓለም አሰምቷል። ዕጦት ያልከለከለው የምሥራቅ ሱዳን ሰው በዓይናችን ፊት አለ። ደግሞም ከላይ ከተዘረዘሩት መፍትሔዎች አብዛኞቹ ምንም አያስወጡም።

ሦስተኛው መቃወሚያ ከባዱ ነው፦ «አገር በጦርነት እየነደደ ስለ ቤዝ ጊታር ቃና መጻፍ ምን ይሉታል?» ይህን የሚጠይቅ ሰው ሐዘኑ እውነተኛ ነውና በቁም ነገር እንመልስለት። ድንበሩ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ፣ ቤቱን ጥሎ የመጣ ሙዚቀኛ ይዞ የወጣው አንድ ጊታርና ሁለት እጅ ሊሆን ይችላል። ለእርሱ ሙዚቃ ጌጥ ሳይሆን የልጆቹ ዳቦ ነው። የተፈናቀለው ሕዝብም ልጁን ይድራል፣ ያገባል፣ አንድ ሌሊት ይጨፍራል። ያችን አንዲት ሌሊት ከአገሩ ያመጣትን ዜማ አጥርቶ መስጠት ትንሽ ነገር አይደለም። እንዲያውም ብዙ ነገር የጠፋበት ሰው ቅኝቱም በጉርምርምታ ሊጠፋበት አይገባም።

እንግዲህ ለባንድ መሪዎች፣ ለድምፅ ሠራተኞችና ለቤዝ ተጫዋቾች አንድ መመዘኛ እናቀርባለን። እንግዳ ሳይገባ፣ ወንበር ተደርድሮ ሳለ፣ ቤዝ ተጫዋቹ ከባንዱ ጋር አምባሰልን ይምታ። ከባንዱ አንዱ እስከ መጨረሻው ረድፍ ሄዶ ይቁምና በጆሮው የሰማውን የቤዝ መንገድ በአፉ ያንጎራጉር። ካንጎራጎረው ድምፁ ተቃንቷል፤ ማንም ማዞሪያ አይንካ። ደረቱ ብቻ ተመትቶ አፉ ዝም ካለ ግን፣ የስፒከሩ ክምር ሰማይ ቢነካ እንኳ፣ ቤዝ ገና መጫወት አልተጀመረም።